ሙምባይን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሙምባይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋች ቀጭን ከተማ ናት። በመካከላቸው ያለው ባሕር በአፈር ተሞልቶ አንድ በሆኑ ሰባት ደሴቶች ላይ ስለቆመች፣ ወደ ጎን መስፋት አልቻለችም፤ ያደገችው ወደ ሰሜን ነው። ጌትዌይ ኦፍ ኢንዲያ፣ ዋናው ሙዚየምና የድሮው ከተማ ደቡብ ጫፍ ላይ ናቸው። ዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያ ከዚያ ወደ ሰሜን ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የካንሄሪ ዋሻዎች ደግሞ ከአውሮፕላን ማረፊያውም ያልፋሉ። ለሕክምና ወይም ለንግድ መጥቶ ሁለት ሦስት ቀን የተረፈው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በምን እንደሚያይ ሳይሆን በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓትና በምን ቅደም ተከተል እንደሚያይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች በእኛ አቆጣጠር፣ ግን በሕንድ ሰዓት ናቸው (ሕንድ ከአዲስ አበባ 2 ሰዓት ተኩል ትቀድማለች)። ቀናቱና ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቢጫ ወባ ካርድን ቤት ጥሎ መሄድ

ሕንድ ከኢትዮጵያ የሚገባን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች። ማስረጃው የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ በጉዞው ዋዜማ መከተብ ዋጋ የለውም። ካርድ የሌለው ሰው እስከ 6 ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል። በዱባይ ወይም በዶሃ በኩል መዞርም አያድንም፤ የሚታየው ባለፉት 6 ቀናት የት እንደነበሩ ነው።

ሰሜንና ደቡብን በአንድ ቀን ማደባለቅ

ጠዋት ጌትዌይ፣ ከሰዓት ካንሄሪ፣ ማታ ማሪን ድራይቭ የሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ብሎ ያቀደ ሰው ቀኑን መኪና ውስጥ ይጨርሰዋል። የደቡቡን ክፍል ለብቻው አንድ ሙሉ ቀን ይስጡት፤ አብዛኛው በእግር ይሆናል። ከጌትዌይ ይጀምሩ። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በ1911 ለመጡበት ጉብኝት መታሰቢያ የተሠራው ይህ ቅስት 26 ሜትር ከፍታ አለው፤ ተሠርቶ ያለቀው ግን በ1924 ነው። የመጨረሻዎቹ የእንግሊዝ ወታደሮችም በ1948 ሕንድን የለቀቁት በሥሩ አልፈው ነው። ከዚያ በእግር ትንሽ እንደሄዱ የቻትራፓቲ ሺቫጂ ማሃራጅ ሙዚየምን ያገኛሉ። ሙዚየሙን ሁለት ሰዓት ሳይሰጡ አይግቡ። ቀጥሎ ኦቫል ማይዳን አለ፦ በሜዳው ምሥራቅ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጎቲክ ሕንፃዎች፣ በምዕራብ በ1930ዎቹ አርት ዴኮ በሚባለው የሕንፃ ስልት የተሠሩ ቤቶች ፊት ለፊት ቆመዋል። ዩኔስኮ በ2018 የመዘገባቸው ሁለቱንም አንድ ላይ ስለሆነ፣ አንዱን ወገን ብቻ ፎቶ አንስቶ መሄድ ግማሹን መተው ነው።

የቪክቶሪያ ተርሚነስ ባቡር ጣቢያ (ዛሬ በምሕጻር ሲኤስኤምቲ የሚባለው) ከ1878 ጀምሮ አሥር ዓመት ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ በ2004 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ብዙ ሰው በቀትር ፀሐይ አይቶት ያልፋል። መብራቱ ከበራ በኋላ፣ ከመንገዱ ማዶ በማዘጋጃ ቤቱ በኩል ቆመው ይዩት። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ማሪን ድራይቭ መሆን አለብዎት፤ ስለዚህ ጣቢያውን ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ያድርጉት።

ባጃጅም በዚህ ክፍፍል ይገዛል። ከባንድራ ሰሜን ባጃጅ የትም አለ፤ በምዕራቡ በኩል ከማሂም፣ በምሥራቁ ደግሞ ከሲዮን አልፎ ወደ ደቡብ መግባት ግን ክልክል ነው። እዚያ ጥቁርና ቢጫ ታክሲ ይይዛሉ፤ ከ2025 ጀምሮ ቆጣሪው ከ31 ሩፒ ይነሳል። ቆጣሪ አላበራም የሚለውን ትተው ቀጣዩን ያስቁሙ። ከጥቅምት 2025 ወዲህ ደግሞ 3ኛው የሜትሮ መስመር አውሮፕላን ማረፊያውን ከደቡቡ ጋር ከምድር በታች አገናኝቷል። ከባድ ሻንጣ ከሌለዎት፣ በሥራ መውጫ ሰዓት በታክሲ ከመቆም እሱ ይሻላል።

በተሳሳተ ሰዓት፣ በተሳሳተ ፉርጎ ሎካል ባቡር መሳፈር

ሎካል የሚባለውን የከተማ ባቡር በቀን ሚሊዮኖች ይሳፈሩበታል፤ አብዛኛውም በሩ ሳይዘጋ ነው የሚሄደው። ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ወደ ደቡብ፣ ከቀትር በኋላ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ወደ ሰሜን የሚሄደውን ይተዉት። በእነዚያ ሰዓቶች በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደው ይሻላል፤ ሆቴልዎ ደቡብ ከሆነና ጠዋት ወደ ካንሄሪ ከወጡ ሰልፉ ሁሉ ከእርስዎ በተቃራኒ ነው የሚጓዘው። ሆቴሉን ደቡብ ለመያዝ አንዱ ጥሩ ምክንያት ይሄ ነው።

ባቡሩ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች ጥቃቅን ናቸው፤ ግን ያስቀጣሉ። የሴቶች ፉርጎ ላይ የሴት ሥዕል አለበት፤ ወንድ ከገባ ይቀጣል። የአንደኛ ደረጃ ፉርጎ ጎኑ ላይ ሰያፍ መስመር ይቀባል፤ በሁለተኛ ደረጃ ትኬት ከተገኙበት ይቀጣሉ። አየር ማቀዝቀዣ ያለው ባቡርም የራሱ ትኬት አለው። ከዚያ ፈጣንና ዝግተኛ የሚባለው አለ፦ ፈጣኑ ብዙ ጣቢያ ይዘላል። የማሃላክሽሚን ዶቢ ጋት (ልብስ አጣቢዎቹ በድንጋይ ገንዳ የሚሠሩበት ሰፊ ግቢ) ለማየት ዝግተኛውን ይሳፈሩ፤ ፈጣኑ እዚያ አይቆምም። ግቢው ከጣቢያው ጎን ካለው ድልድይ ላይ ይታያል፤ ሥራው የሚደምቀው ጠዋት ነው።

ሌላው ወጥመድ ቪራር ፈጣን የሚባለው ባቡር ነው። ሩቅ የሚሄዱት ተሳፋሪዎች በሩን ሞልተው ስለሚቆሙ አንዴሪ ወይም (ለካንሄሪ የሚወረድበት) ቦሪቫሊ ላይ ልውረድ ቢሉ አያስወርዱዎትም፤ ክፋት ሳይሆን መጠጋጋት ነው። ቦሪቫሊ ላይ የሚያበቃውን ይያዙ፤ ከመውረጃዎ ሁለት ጣቢያ ቀድመው ወደ በሩ ይጠጉ፤ የትኛው በር መድረኩን እንደሚያገኝም አጠገብዎ ያለውን ሰው ይጠይቁ።

ሰኞ ወደ ኤሌፋንታ መሄድ

በሳምንቱ በብዛት የሚሠራ ስህተት ይህ ነው። ኤሌፋንታ በጀልባ የሚኬድባት፣ ከአለት የተፈለፈሉ ዋሻዎች ያሏት ደሴት ናት። ዋሻዎቹ ሰኞ ዝግ ናቸው፤ ካንሄሪ ያለበት የሳንጃይ ጋንዲ ብሔራዊ ፓርክም እንዲሁ። ደላላ ግን ሰኞም ጀልባ ይሸጥልዎታል፤ የባሕር ሽርሽር ብቻ ነው የሚሆነው።

በሌሎቹ ቀናት ጀልባው ከጌትዌይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀምራል፤ መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ነው። የመጀመሪያዎቹን ይያዙ። ምክንያቱም ከወደቡ በኋላ 120 ያህል ደረጃ መውጣት አለ፤ ከ6 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ከባድ ነው። ትኬት ከመስኮቱ እንጂ መንገድ ላይ ከሚጠራ ሰው አይግዙ፤ መመለሻውን ያካተተ መሆኑን ይዩና እስኪመለሱ ወረቀቱን አይጣሉ። የዋሻው መግቢያ ሌላ ክፍያ ነው፦ ለሕንዳዊ 40፣ ለውጭ ጎብኚ 600 ሩፒ። የመጨረሻው ጀልባ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይመለሳል፤ እሱን ሳይጠብቁ 10 ሰዓት ላይ መነሳት ይሻላል። በታኅሣሥ 2024 አንድ የመንገደኞች ጀልባ ከባሕር ኃይል ፈጣን ጀልባ ጋር ተጋጭቶ ከአሥር በላይ ሰዎች ሞተዋል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ካልሰጡዎት ሳይጠይቁ አይቀመጡ።

ላሊበላን ያየ ሰው ዋናውን ዋሻ ለማድነቅ አይቸገርም። ቤተ መቅደሱ ከአለቱ ተፈልፍሎ ወደ ጎን የገባ ነው፤ ወደ 6 ሜትር የሚረዝመው፣ ሺቫ የተባለው የሂንዱ አምላክ ባለ ሦስት ፊት ምስል ከኋለኛው ግድግዳ ላይ ነው። ብዙ ጎብኚ ግን እሱን ፎቶ አንስቶ ይወጣል። በዙሪያው ያሉትን ትልልቅ የግድግዳ ቅርጾች አንድ በአንድ ይዙሩ፤ ብዙዎቹ እግራቸው ተሰብሯል፣ ፊታቸው ግን ደህና ነው። በእጅ ምግብ ይዞ መዞርም ይቅር፤ ዝንጀሮዎቹ ይነጥቃሉ፣ የተከፈተ ጠርሙስም አይምሩም። ደሴቲቱን ኤሌፋንታ ያሰኛትን የድንጋይ ዝሆን ለማየት የሚመኙ ደግሞ እዚያ አይፈልጉት፤ ባይኩላ በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ በባሃው ዳጂ ላድ ሙዚየም ግቢ ነው ያለው። ሙዚየሙ የሚዘጋው ረቡዕ ነው።

ሐጂ አሊ ሲደርሱ ባሕሩ መንገዱን ይዞት ማግኘት

የሐጂ አሊ መቃብርና መስጊድ ባሕር ውስጥ ነው፤ ከየብስ የሚያገናኘው ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ጠባብ መንገድ ባሕሩ ሲሞላ ይሰምጣል። ሙላቱ በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለሚገፋ የትናንቱ ለዛሬ አይሠራም። ጠዋት የዕለቱን የሙላት ሰዓት በስልክ ይዩ። ባሕሩ ወደ ኋላ በሚሸሽበት ጊዜ ይግቡ፤ እየሞላ ከሆነ አይግቡ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ሙላቱ ከፍ ይላል። ሐሙስና ዓርብ ሕዝቡ ይበዛል።

በክረምት መምጣት

የሙምባይ ዝናብ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፦ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ። መጠኑ ግን የተለየ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2005 የሙምባይ ክፍል በሆነችው ሳንታክሩዝ በ24 ሰዓት 944 ሚሊ ሜትር ዘንቧል። ከባድ ዝናብና የባሕር ሙላት አንድ ላይ ሲመጡ የጎርፉ ውኃ ወደ ባሕር መውጫ ያጣል፤ ያኔ ባቡርም ታክሲም ይቆማል። ጀልባ ያለበት ዕቅድ ሁሉ በዚህ ወቅት አይታመንም። ከኅዳር እስከ የካቲት ይምጡ። ዝናቡ ያበቃ በሚመስልበት በጥቅምት ደግሞ ወበቁ ከባድ ነው።

ባሕር ዳር ስለሆነ ልዋኝ ማለት

አይዋኙ። ጁሁና ጊርጋውም ቻውፓቲ ወደሚባሉት የባሕር ዳርቻዎች የሚሄዱት ለመራመድ፣ ለመብላትና ጀንበር ሲጠልቅ ለማየት ነው፤ ውኃው የከተማ ፍሳሽ ይገባበታል።

አረንጓዴ ነጥብ ያለውን ሁሉ የጾም ነው ብሎ መብላት

ለጾመኛ ኢትዮጵያዊ ትልቁ ማደናገሪያ ይሄ ነው። በታሸገ ምግብ ላይ ያለው አረንጓዴ ክብ ምልክትም ሆነ በምግብ ቤቱ በር ላይ የተጻፈው ንጹሕ ቬጅ የሚለው ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለበትም ማለት ነው። ወተት፣ እርጎ፣ ፓኒር የሚባለው አይብና ጊ የሚባለው የነጠረ ቅቤ ግን አሉበት። ፓቭ ባጂ (የአትክልት ወጥ ከዳቦ ጋር) ከላይ ቅቤ ይደፋበታል፤ ናን የሚባለው ዳቦ ቅቤ ይቀባል፣ ሊጡም ብዙ ጊዜ እርጎ አለው፤ የምስር ወጡም በጊ ሊቁላላ ይችላል። ቬጅ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ስለዚህ አይበቃም። ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤ፣ ጊ፣ ፓኒር እያሉ አንድ በአንድ ስም ጠርተው ያስቀሩ። የሚቀልለው የደቡብ ሕንድ ምግብ ቤት ነው፦ ኢድሊ (በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ኬክ) በሳምባር (የጥራጥሬ ወጥ)፣ ወይም በዘይት የተጋገረ ዶሳ (ስስ ቂጣ)፤ ኢድሊውም ላይ ጊ እንዳያፈሱ ያሳስቡ። ሮቲ (ቂጣ) ከፈለጉ ቅቤ የሌለው ይበሉ። መንገድ ላይ ቤል ፑሪ (የተፈነዳ ሩዝ ከአትክልት ጋር) እና ቫዳ ፓቭ (የተጠበሰ ድንች በዳቦ) አሉ፤ የቫዳ ፓቭ ዳቦ በቅቤ ተጠብሶ እንዳይመጣ ቀድመው ይናገሩ። ከመንገድ ምግብ ፊትዎ የሚጠበሰውን ይምረጡ፤ ቹትኒ የሚባለውን ማባያ፣ በረዶውንና ያልታሸገውን ውኃ ይለፉት።

በትልቅ ኖትና በእሺታ መንቀሳቀስ

ሻጮች በስልክ መቀበልን ለምደዋል፤ ጎብኚው ግን ብዙ ጊዜ ይህ የለውም፤ ስለዚህ የ10፣ የ50ና የ100 ሩፒ ዝርዝር ይያዙ። የ2,000 ሩፒ ኖት ቢመልሱልዎ አይቀበሉ፤ በ2023 ከዝውውር እንዲወጣ ተወስኗል። ጌትዌይ ላይ ፎቶ አንሺ ከቀረበዎት ስንት ፎቶ፣ በስንት ብለው ይጨርሱና ይቁሙ፤ ካልሆነ ያነሳውን ሁሉ አትሞ ያስከፍላል። በጌትዌይ አካባቢ ባለው የኮላባ ሰፈር ውስጥ ልጅ የያዘች ሴት ገንዘብ ሳይሆን የዱቄት ወተት ግዛልኝ ብላ ወደ አንድ ሱቅ ከመራችዎ፣ ወተቱ እርስዎ ሲሄዱ ወደ መደርደሪያው እንደሚመለስ ይወቁ።

ጃንጂራን በግማሽ ቀን ለማየት መሞከር

ለእኛ አንባቢ ከሙምባይ ውጪ ካሉት ሁሉ የሚያጓጓው ይህ የባሕር ምሽግ ነው። ሲዲ የሚባሉት፣ ዘራቸው ከሐበሻ ምድር የሆነ ገዢዎች ከዚህ ደሴት እየተነሡ ባሕሩን ተቆጣጥረው ነበር። የማራታው ንጉሥ ሺቫጂ ቢሞክረውም አልያዘውም፤ ልጁ ሳምባጂም አልቻለም። ሲዲ ያቁት ኻን በበኩሉ በ1689 ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ላይ ወርዶ እንግሊዞችን እስከ 1690 በምሽጋቸው ከብቧቸዋል። ግዛቱ ሕንድ ነፃ እስክትወጣ ቆይቶ በ1948 ተጠቃለለ።

ስህተቱ ርቀቱን መናቅ ነው። ለምሽጉ ቅርብ የሆነችው ሙሩድ በመንገድ ከሙምባይ ወደ 165 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ ለመመለስ መኪናው ብቻ ቀኑን ይበላዋል። ከጌትዌይ ወደ ማንድዋ በጀልባ ተሻግሮ በአሊባግ በኩል በመኪና መውረድ የከተማውን መጨናነቅ ያስቀራል፤ ሆኖም ሙሩድ ወይም አሊባግ አንድ ሌሊት ማደር ነው የሚያዋጣው። ወደ ምሽጉ የሚያሻግሩት ሸራ ያላቸው ጀልባዎች የሚነሡት ከራጃፑሪ ነው፤ በክረምት አይሠሩም። ጀልባው ምሽጉ ላይ የሚጠብቅዎት አጭር ጊዜ ስለሆነ፣ ከመሳፈርዎ በፊት ስንት ደቂቃ እንደሚሰጡዎት ይስማሙ። ውስጡ ጥላ ጥቂት ነው፤ ውኃና ኮፍያ ይያዙ።

ይህን ታሪክ ይበልጥ መከተል የፈለገ ሰው ከአለት ወደተፈለፈሉት የኤሎራ ዋሻዎች ይሂድ። በኢትዮጵያ ተወልዶ በባርነት ተሽጦ በኋላ የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ የሆነው ማሊክ አምባር (በ1626 ሞቷል) መቃብሩ ለዋሻዎቹ ቅርብ በሆነችው ኹልዳባድ ነው። ኤሎራ ከሙምባይ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሌሊት ባቡር ወይም በአውሮፕላን ሄዶ ሁለት ቀን ማደር ያስፈልጋል። ኤሎራ ማክሰኞ፣ አጃንታ የሚባሉት ሌሎቹ ዋሻዎች ሰኞ ዝግ ናቸው፤ ሁለቱንም የሚያይ ሰው ረቡዕ ይጀምር።