ሐዋሳ ሲመጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ አብዛኛው ሐዋሳን የሚያውቃት ከሆቴል በረንዳ ነው። ቢራውን ይዞ ሐይቁን ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። ያሳዝነኛል።

ትልቁ ስህተት አርፍዶ መነሳት ነው። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ሲያመሽ የጣሉትን መረብ ሰብስበው የሚገቡት በማለዳ ነው። ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እዚያው ይበልታሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሰው መሃል ተገትረው አንጀቱን ይጠብቃሉ። ረፋድ ላይ ቢመጡ ይሄ ሁሉ አልቋል። ጀልባም የጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል።

ጀልባ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ዋጋውን ይጨርሱ። ሂሳቡ በሰው ነው ወይስ በጀልባ? ለምን ያህል ሰዓት? የመንሳፈፊያ ጃኬትስ አለ? «ጉማሬ እናሳያችሁ» ይሏችኋል፣ ጥሩ ነው። ባለጀልባውን «ጠጋ በል፣ ጠጋ በል» ማለት ግን ቂልነት ነው። ጉማሬ ሣር ስለሚበላ የዋህ የሚመስላቸው አሉ፤ ጀልባ ይገለብጣል። ማታ ደግሞ ለግጦሽ ወደ ዳር ስለሚወጣ፣ መብራት በሌለበት ዳርቻ የምሽት ሽርሽር ይቅርብዎ።

ልጆች ሲንቦጫረቁ አይተው ልብስዎን አያውልቁ። ሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ዳር ዳሩን፣ ሣሩ ሥር ነው። ዋና ካማረዎት ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች ሞልተዋል።

ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚወድ ብዙ ነው። እኔ አልመክርም። ዓሣው ውስጥ ጥገኛ ትል ሊኖር ይችላል፤ ሎሚና ሚጥሚጣ ደግሞ አይገድሉትም። ጥብሱን ይዘዙ፣ ሾርባውንም አይለፉት።

ጦጣ አይመግቡ። አንዴ የለመደች ጦጣ የልጅዎን ብስኩት ከእጁ ነው የምትመነትፈው።

ሐይቁን ብቻ አይቶ መመለስም ኪሳራ ነው። ወደ ደቡብ ትንሽ ቢነዱ ይርጋለም ነች። ሐዋሳ ሳትተካት በፊት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ እሷ ነበረች። የግዛቱ ገዥ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው ከማይጨው በኋላም ሲዋጉ ቆይተው፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ይዘው ገደሏቸው። መንገዱ ዳርና ዳር ቡናና እንሰት ነው። ያ አረንጓዴ ሁሉ ግን የሰው ጓሮ መሆኑን አይርሱ። ሰላም ብለው፣ አስፈቅደው ይግቡ። ደስ ካሰኟቸው ቡርሳሜ ሊቀርብልዎ ይችላል፤ በቅቤ የራሰ የእንሰት ምግብ ነው፣ ጠግበው ከሄዱ ይቆጭዎታል።

ለፍቼ ጨምበላላ የሚመጡ ደግሞ ያለፈውን ዓመት ቀን ይዘው ፈቃድ እንዳይሞሉ። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. የመዘገበው ይህ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ቋሚ ቀን የለውም። ቀኑን የሚቆርጡት አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ባህላዊ ኮከብ ቆጣሪዎች፣ ከዋክብትን አይተው ነው። እንደታወጀ ወዲያው ደውለው አልጋ ይያዙ። ዋዜማው ላይ ደርሰው ሆቴል ቢያንኳኩ «ሞልቷል» ነው መልሱ።