«ከፍዬ ነበር» ሲሉ «ይከፈለኝ ነበር» ሲሆን፦ የፕሉ ከ ፓርፌ ችግርና መፍትሄ

ፈረንሳይኛ ሳስተምር ቀይ እስክሪብቶዬን የሚጨርሰው ፕሉ ከ ፓርፌ ነው፤ በእኛ ሰዋስው ሩቅ ኃላፊ ጊዜ የምንለው። አሠራሩን ታውቁታላችሁ ብዬ ልነሳ። ረዳት ግሱ፣ ማለትም ኤትር («መሆን») ወይም አቯር («ያለው መሆን»)፣ በአንፓርፌ (ቀጣይነት ባለው ያለፈ ጊዜ) ይቀመጣል፣ ፓርቲሲፕ ፓሴ (ከረዳቱ ቀጥሎ የሚመጣው የዋናው ግስ ቅርጽ) ይከተለዋል። በቃ። ብልሽቱ ግን ብዙ ነው። አንደኛው ደግሞ በየደብተሩ አለ፣ ስለዚህ ሰፊውን ቦታ ለሱ እሰጣለሁ።

ምልክት፦ ሁሉም ነገር «ዤቴ» ሆኗል

ተማሪው «በልቼ ነበር» ለማለት «ዤቴ ማንዤ» ይላል። ይህ «በላሁ» ሳይሆን «ተበላሁ» የሚል ትርጉም ይዞ ይመጣል። ትክክሉ «ዣቬ ማንዤ» ነው።

ምክንያቱ የራሳችን «ነበር» ነው። «ነበርኩ» በፈረንሳይኛ «ዤቴ» ስለሆነ፣ «ነበር» ባየን ቁጥር እጃችን ወደ ኤትር ይሄዳል። መጀመሪያ የምንማራቸው ግሶች ደግሞ ጭራሽ ያሳስቱናል። «ሄጄ ነበር» «ዤቴ አሌ» ነው፣ «መጥቼ ነበር» «ዤቴ ቨኑ» ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ልክ የሆኑት ግን አሌና ቭኒር ከመጀመሪያውም ረዳታቸው ኤትር ስለሆነ ነው። ተማሪው ሁለቴ ሲሳካለት ሕግ አድርጎ ይይዘዋል።

አንድ ተማሪዬ ለአንድ ድርጅት ገንዘብ ከፍሎ ደረሰኝ ቀረበት። «ባለፈው ወር ከፍዬ ነበር» ብሎ ሊያስረዳ ኢሜይል ላይ «ዤቴ ፔዬ» ብሎ ጻፈ። «ይከፈለኝ ነበር» ማለት ነው። እነሱም የሚከፍለው ማን እንደነበር ጠየቁት። እሱም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ላከላቸው። ወደኔ ሲመጣ ሰዎቹ ሆን ብለው የሚያጉላሉት መስሎት በጣም ተናዶ ነበር። ያረምነው አንዲት ቃል ነው፤ «ዣቬ ፔዬ»። ሌላዋ ደግሞ «ጋብዣቸው ነበር» ለማለት «ዤቴ አንቪቴ» አለች። ጋባዧ በአፍታ ተጋባዥ ሆነች።

መፍትሄው ከአማርኛው «ነበር» አለመነሳት ነው። መጀመሪያ ፓሴ ኮምፖዜውን (ተራውን ያለፈ ጊዜ) በሉ። «ከፍያለሁ» ምንድነው? «ዤ ፔዬ»። ረዳቱ አቯር ነው። አሁን ያንኑ አቯር ወደ አንፓርፌ ውሰዱት፦ «ዣቬ ፔዬ»። «ሄጃለሁ» ደግሞ «ዠ ስዊ አሌ» ነው። ረዳቱ ኤትር ስለሆነ «ዤቴ አሌ» ይሆናል። የሚቀየረው የረዳቱ ጊዜ ብቻ ነው፤ ረዳቱ ራሱ አይቀየርም። ይህን ሁለት እርምጃ አፋችሁ እስኪለምደው ድረስ ጮክ ብላችሁ ሥሩት። በልብ ሲሠራ ይዘለላል፣ ደጋግሜ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ «በልቼ ነበር፣ በልተሽ ነበር፣ በልተን ነበር» ስንል «ነበር» ንቅንቅ አይልም፣ የሚረባው ዋናው ግስ ነው። ፈረንሳይኛው ግልባጩ ነው። «ዣቬ ማንዤ፣ ቱ አቬ ማንዤ፣ ኑዛቪዮን ማንዤ።» ማንዤ ቆሞ ረዳቱ ይረባል። ይህ የገባው ሰው ግማሹን መንገድ ጨርሷል።

ምልክት፦ ረዳቱ አንዳንዴ ኤትር፣ አንዳንዴ አቯር ይሆናል

ሶርቲር (መውጣት)፣ ሞንቴ (ወደ ላይ መውጣት)፣ ዴሳንድር (መውረድ) እና ፓሴ (ማለፍ) ናቸው በብዛት የሚያስቸግሩት። እዚህ ላይ አማርኛችን ይረዳናል። «ወጣ» ከሆነ ኤትር፣ «አወጣ» ከሆነ አቯር። «ወጥቼ ነበር» «ዤቴ ሶርቲ» ነው፣ «መጽሐፉን አውጥቼ ነበር» ግን «ዣቬ ሶርቲ ለ ሊቭር»። ወረደና አወረደ፣ አለፈና አሳለፈም እንዲሁ። ተጠንቀቁ፦ «ደረጃውን ወርጄ ነበር» ስንል «አወረደ» አላልንም፣ ደረጃው ግን ቀጥተኛ ተሳቢ ስለሆነ አቯር ነው የሚገባው። ስትጠራጠሩ ተሳቢውን ፈልጉ።

ምልክት፦ «ኑ» (እኛ) እና «ቩ» (እናንተ) ላይ ጊዜው ይጠፋል

«ኑዛቮን ማንዤ» እና «ኑዛቪዮን ማንዤ» የሚለያዩት በአንዲት ኢ ፊደል ነው። እሷን የዋጠ ሰው ፓሴ ኮምፖዜ ነው የተናገረው። «ቩዛቬ» እና «ቩዛቪዬ»ም እንደዚያው። «እኔ» እና «እሱ»ን ብቻ ጽፎ ሌላውን በነጥብ የሚዘልል የእርባታ ወረቀት ካላችሁ ጣሉት። ዋናው ችግር ያለው በነጥብ የዘለሉት ቦታ ነው።

ምልክት፦ «ሲ ዦሬ ሱ»

«ባውቅ ኖሮ» ለማለት «ሲ ዦሬ ሱ» ሲባል ያናድደኛል፣ ምክንያቱም አማርኛው ራሱ ምልክት ሰጥቶናል። «ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር።» ተማሪው «ነበር» ያለበትን ግማሽ ፕሉ ከ ፓርፌ ያደርገዋል። በዚህ ቦታ ግን ፕሉ ከ ፓርፌ የሚገባው «ኖሮ» ያለበት ግማሽ ላይ ነው፦ «ሲ ዣቬ ሱ፣ ዠ ስሬ ቨኑ።» «ነበር» ያለበት ግማሽ ኮንዲሲዮኔል ፓሴ (ሊሆን ይችል የነበረውን የሚናገር ቅርጽ) ነው። ከ«ሲ» («ከሆነ») ቀጥሎ «ዦሬ»፣ ማለትም የአቯር ኮንዲሲዮኔል፣ አይገባም። ፈረንሳዮች ራሳቸው ሲያወሩ ይስቱታል፣ እናንተ ግን ፈተና ላይ እንዳትሞክሩት።

ምልክት፦ ሲነገር ልክ፣ ሲጻፍ ስህተት

የማንዤ መነሻ ግስና ፓርቲሲፕ ድምፃቸው አንድ ነው፣ አጻጻፋቸው ግን ይለያያል። በቦታው ፕራንድርን (መውሰድ) አስገቡና ሞክሩ። «ፕሪ» ካላችሁ ፓርቲሲፕ ነው፣ «ፕራንድር» ካላችሁ መነሻው። ከረዳት ግስ በኋላ ሁልጊዜ «ፕሪ» ነው የሚመጣው። በፓርቲሲፑ የመጨረሻ ኧ ፊደል ላይ ያለችውን ጭረት አትርሱ፤ ያለሷ ቃሉ ፓርቲሲፕ አይደለም። «ዣቬ» በኤስ ያልቃል፣ «ኢላቬ» በቴ።

ከኤትር ጋር ፓርቲሲፑ ባለቤቱን ይከተላል፤ ለሴት ኧ፣ ለብዙ ኤስ ይጨመራል። ከአቯር ጋር ባለቤቱን አይከተልም። ቀጥተኛ ተሳቢው ቀድሞ ከመጣ ግን ተሳቢውን ይከተላል፦ «ሌ ሌትር ከ ዣቬ ኤክሪት» («ጽፌያቸው የነበሩት ደብዳቤዎች»)፣ መጨረሻ ላይ ቴዋ ትሰማለች።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦ አሉታዊው «ፓ» ከረዳቱ በኋላ፣ ከፓርቲሲፑ በፊት ነው የሚቀመጠው፣ «ዠ ናቬ ፓ ማንዤ»። የኤትር የራሱ ረዳት አቯር ነው፣ «ዣቬ ኤቴ»። «ትናንት መጥቼ ነበር» ብቻውን ከቆመ፣ ከሱ በኋላ የሆነ ሌላ ያለፈ ድርጊት ከሌለ፣ አብዛኛውን ጊዜ «ዠ ስዊ ቨኑ ዬር» ይበቃል።