ዓመቱን ሙሉ ፊልም አይታችሁ ምንም እንዳላያችሁ የሚያደርጓችሁ ስህተቶች

2017 ዓ.ም. አለቀ አይደል፣ እኔም ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ያየሁትን ፊልምና ተከታታይ ሁሉ ደብተር ላይ አንድ አንድ መስመር እየጻፍኩ ነው የከረምኩት። አሁን ደብተሩን ሳገላብጠው የገረመኝ ምን መሰላችሁ፣ እዚህ ጅማ ጓደኞቼ "ባክህ ይደብራል" ብለው የጣሉት አብዛኛው ፊልም ራሱ ደብሮ አይደለም፣ ሲታይ ነው የተበላሸው። ስለዚ ምርጥ አስር ምናምን ከምደረድርላችሁ ፊልም የሚገሉትን ስህተቶች ላውራ፣ ስላየኋቸውም የመሰለኝን መሀል መሀል ላይ ጣል አደርጋለሁ፣ ካልተስማማችሁ ተሳደቡ ችግር የለውም።

አንደኛው ካም ነው። ፊልሙ ውጭ ሲኒማ ቤት በገባ በቀናት ውስጥ አንዱ ከስክሪን ላይ በካሜራ ይቀርጸዋል፣ ወዲያው ፍላሽ ይዘን የምናስጭንበት ቤት ይደርሳል፣ ልጁም "አዲስ ገብቷል" ብሎ ይጭንልሃል። ታህሳስ ላይ ኖስፌራቱ የሚባለው የቫምፓየር ሆረር ሲወጣ እንደዛ ነው የሆነው፣ ፊልሙ ሆን ተብሎ በሻማና በጨረቃ ብርሃን ጨለም ተደርጎ የተሰራ ነው፣ ካሙ ላይ ደግሞ ያለው ጥቁር ስክሪንና የሰው ሳል ብቻ፣ አንዱ ወዳጄ "ሬዲዮ ነው እንዴ የጫኑልኝ" አለ። የፋይሉ ስም ላይ ካም ወይም ቲኤስ (እሱም ከሲኒማ ቤት የተቀረጸ ነው) የሚል ካያችሁ ተዉት፣ ጥራት ያለው እስኪመጣ ታገሱ። ኖስፌራቱ በጥራቱ ሲታይ እንደሌሎቹ ሆረሮች ድንገት እየጮኸ አያስደነግጥም፣ የቫምፓየሩ የኦርሎክ ድምፅ ብቻውን ይበቃል፣ መጨረሻው ግን ትንሽ ተንዛዝቶብኛል።

ሁለተኛው ሰብታይትል ነው፣ እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው ምክንያቱም ከምንም በላይ ፊልም የሚያስጥለን ይሄ ነው። የሰብታይትል ችግር ሁለት አይነት ነው፣ ሰው ግን አንድ አድርጎ ነው የሚያየው። ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ሶስት ሰከንድ የሚዘገይ ከሆነ ቀላል ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ ከሆነ የምታዩት የጂ እና የኤች ቁልፎችን እየተጫናችሁ ወደፊትም ወደኋላም ትገፉታላችሁ፣ ስልክ ላይም አፑ ሰብታይትል የሚለው ሜኑ ውስጥ ማስተካከያ አለው። ግን መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ የሚራራቅ ከሆነ ያንን መግፋት አያድነውም። ፊልሙ በሰከንድ 24 ገደማ ፍሬም የሚሄድ ሆኖ ጽሑፉ 25 ፍሬም ለሚሄድ ቅጂ የተሰራ ከሆነ በየሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይሳሳታል፣ በሁለተኛው ሰዓት ላይ ገና ያልሞተው ሰውዬ ሞቷል ተብሎ ይለቀስለታል። እሱን አውጥታችሁ ጣሉትና ስሙ ከፊልሙ ፋይል ስም ጋር አንድ የሆነ ሌላ ፈልጉ፣ አለቀ።

የኮሪያውን ፊልም ፓራሳይትን በሚዘገይ ሰብታይትል አይቶ "ኮሜዲ ነው ያላችሁኝ ምኑ ያስቃል" ያለኝ ልጅ አለ። እንዴት ያስቀዋል፣ ቀልዱ ከተነገረ በኋላ እየደረሰው! እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝኛ ካልተሰሩ ፊልሞች የመጀመሪያው ሆኖ የኦስካርን ምርጥ ፊልም የወሰደ ነገር እኮ ነው። ለኔ ከፊልሙ ሁሉ የዝናቡ ሌሊት ይበልጣል፣ ለሀብታሞቹ ካምፒንግ ያበላሸባቸው ዝናብ ለድሆቹ ቤተሰቦች ቤታቸውን ነው የሚያጥለቀልቀው፣ ዝቅ ያለ ቦታ ቤት የተከራየ የጅማ ሰው ይሄን ማንም እንዲያብራራለት አይፈልግም። በትርጉም የምታዩም አላችሁ፣ አንዱ ሰውዬ የሁሉንም ድምፅ እየሆነ የራሱን ቀልድ የሚጨምርበት ማለቴ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ ለመሳቅ፣ ግን ያንን አይታችሁ ስለ ፊልሙ ድርሰት አትከራከሩኝ፣ ያያችሁት የተርጓሚውን ድርሰት ነው።

ስለ ዝናብ ካነሳን ደግሞ በቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ ዝናብ እየወረደ፣ የሹክሹክታ ፊልም መክፈት። የኛ ዝናብ ክረምት ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን፣ ከመጋቢት ጀምሮ ነው የሚያወርደው። ሚያዝያ ላይ ፖፕ ፍራንሲስ ሲያርፉ ሁሉም ኮንክሌቭን ፈልጎ ጫነ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ካርዲናሎች በየኮሪደሩ እየተንሾካሾኩ ፖፕ የሚመርጡበት ፊልም ነው፣ እና ከሰዓት በኋላ ዶፉ ሲወርድ ከፍተውት አንድ ቃል ሳይሰሙ "ሽማግሌዎች ይሄዳሉ ይመጣሉ" ብለው ዘጉት። ኢርፎን አድርጉ ወይ ሌሊት እዩት። ጥሩ ፊልም ነው፣ ምርጫ የሚባል ነገር ያለበት ቦታ ሁሉ ሰው አንድ አይነት እንደሆነ ያሳያል፣ ያቺ የመጨረሻዋ ሚስጥር ግን አላሳመነችኝም።

ቀጥሎ ያለው የኛው የጅማዎች ነው፣ በጫት ምርቃና ያዩትን ፊልም ማመን። በርጫ ላይ ተቀምጦ የታየ ፊልም ሁሉ ጥልቅ ነው። ሶስተኛ ደረጃ አክሽን እንኳን ቢሆን "ዳይሬክተሩ እዚህ ጋ ምን ሊል ፈልጎ መሰለህ" ይባልና ፊልሙ አልቆ ትንታኔው ሁለት ሰዓት ይቀጥላል፣ ማታ ጨብሲ ላይ የዋናውን ተዋናይ ስም የሚያስታውስ አይገኝም። የተገላቢጦሹም አለ። ፋያ ዳዪ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ ሐረር ላይ የተቀረጸ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ስለ ጫት የሆነ ዶክመንታሪ፣ "ስለኛ ነው" ብለው በርጫ ላይ ከፈቱትና ሀያ ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ኳስ ቀየሩት። ቀርፋፋ ነው፣ አልዋሽም፣ ጭስና ጉም ይበዛዋል። ግን ጫቱን ሌሊት የሚያስሩት እጆች፣ አገሩን ጥሎ ለመሄድ የሚያስበው ልጅ፣ እነዚህን እኛ ሰፈር ወጥተን የምናያቸው ናቸው፣ ደብተሬ ላይ "የዓመቱ አንደኛ" ብዬ የጻፍኩት እሱን ነው። ብቻችሁን፣ ጠዋት፣ ቡና ይዛችሁ ሞክሩት።

ተከታታይ ላይ ያለው ትልቁ ስህተት ስንት ክፍል እንደሆነና ማለቁን ሳያጣሩ መጀመር ነው። ቼርኖቤል 5 ክፍል ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ይበቃዋል። ብሬኪንግ ባድ 62 ነው፣ እሱን ፈተና ሲደርስ የሚጀምር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሱን ይወቅስ (መጀመሪያው ላይ ቀስ ቢልም ታገሱት፣ እያደር የሚሻሻል ተከታታይ ብዙ የለም)። የቱርክ ድራማ ላይ ደግሞ "ለምን እንደዚ ይፋጠጣሉ፣ አንዱ አንዱን ለአምስት ደቂቃ ያየዋል" የሚል ወቀሳ ሁሌ እሰማለሁ። ምክንያቱ እኮ አገራቸው ላይ አንዱ ክፍል በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓትና ከዛም በላይ ሆኖ ነው የሚተላለፈው፣ ያንን ሁሉ ሰዓት በየሳምንቱ መሙላት ስላለባቸው ፊት ማሳየትና ሙዚቃ ማስረዘም ነው፣ ለውጭ ሲሸጥ ደግሞ ቆራርጠው ብዙ ክፍል ያደርጉታል። ቃና ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ሲያቀርብልን የነበረው የዚህን አይነት ነው፣ ድምፁን የሰሩት ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ አንዳንዱን ድራማ ከነበረበት አሳምረውታል ባይ ነኝ። በቀን አንድ አንድ ክፍል ከእራት ጋር ሲሆን ያምራል፣ በአንድ ሌሊት አስር ክፍል ካያችሁት ግን ማንም ይሰለቻል።

ስኩዊድ ጌምም እንደዛው ተበላሽቷል። ሁለተኛው ሲዝን ታህሳስ 17 ሲወጣ 7 ክፍል ብቻ ሆኖ መሀል ላይ ቆመ፣ ሰው ሁሉ ተበሳጨ፣ ከሶስተኛው ጋር አንድ ላይ የተቀረጸ አንድ ታሪክ ስለሆነ እኮ ነው፣ ሶስተኛው ሰኔ 20 መጣና 6 ክፍል ጨመረ። ያላያችሁ አስራ ሶስቱን አያይዛችሁ እዩት። እንደዛም ሆኖ ከመጀመሪያው ሲዝን (እ.ኤ.አ. ከ2021ዱ) አይደርስም፣ እዛ ላይ ጨዋታው አዲስ ነበር፣ እዚህ ጋ ጭካኔው ብቻ ነው የጨመረው፣ እነዛ ጭንብል አድርገው ውርርድ የሚወራረዱት ፈረንጆች ትወናቸው ደግሞ ያሳፍራል።

ስልክ እየነካኩ ማየት። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል ማንም አይተወውም፣ ግን ቢያንስ ለአዶለሰንስ ስልኩን አስቀምጡ። መጋቢት ላይ ነው የወጣው፣ የእንግሊዝ ነው፣ 4 ክፍል፣ እያንዳንዱ ክፍል ካሜራው ከተነሳ ጀምሮ አንዴም ሳይቆረጥ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። አንገታችሁን ደፍታችሁ ሜሴጅ ስትመልሱ የማታዩት ነገር ተመልሶ አይመጣም። ሶስተኛው ክፍል በግድያ የተጠረጠረው ልጅና ሳይኮሎጂስቷ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ማውራት ብቻ ነው፣ እሱን ሆኖ የሚተውነው ልጅ ከዛ በፊት ፊልም ላይ ሰርቶ አያውቅም፣ ያውም መጀመሪያ የቀረጹት ይሄንኑ ከባዱን ክፍል ነው። እናቴ እንግሊዝኛውን በደንብ ሳትሰማ የልጁን ፊት ብቻ እያየች "ይሄ ልጅ ዋሽቷል" አለች።

ኢንተርኔት ለምትጠቀሙ በአጭሩ፦ ኔትፍሊክስ በከፍተኛ ጥራት (ኤችዲ) በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ይበላል፣ ዝቅተኛው ላይ ስታደርጉት 0.3 አካባቢ ነው፣ መካከለኛው ደግሞ 0.7 ገደማ ነው። ቴሌግራም ላይ ያያችሁት ፊልም ደግሞ አይታችሁት ስለጨረሳችሁ አይጠፋም፣ ካሽ (የአፑ ጊዜያዊ ማከማቻ) ውስጥ ቁጭ ይላል፣ ስልኬ ሞላ ከማለታችሁ በፊት እሱን አጽዱ።

የመጨረሻው የአበሻ ፊልም ላይ ያለን ነገር ነው። ወይ ሁሉንም ባንድ ላይ እንንቃለን፣ ወይ የኛ ነው ብለን ድምፁ ባይሰማም ታሪኩ ባይያያዝም እናጨበጭባለን። ሁለቱም ልክ አይደለም። ላምብ የሚለውን (በእንግሊዝኛ የበግ ግልገል ማለት ነው)፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ የታየውን፣ ርዕሱን ብቻ አይተው ያለፉት አሉ፣ ወጥ መስራት የሚወድ ልጅና ለበዓል ሊታረድበት የተፈለገ በጉ ናቸው ባለታሪኮቹ፣ ቀላል ይመስላል ግን ልጁ ወጥ ሲሰራ የዘመዶቹ ፊት ላይ ያለውን ንቀት ልብ በሉ። ጤዛን ደግሞ ብዙ ሰው ይጀምረዋል አይጨርሰውም። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት የአፍሪካውን ፊልም ፌስቲቫል የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት የወሰደ ነው፣ ግን ከጀርመን ወደ ገጠር፣ ከደርግ በፊት ወደ ደርግ ጊዜ ስለሚዘል ሰው ይጠፋበትና "አልገባኝም" ብሎ ይዘጋዋል። እንዳይጠፋባችሁ የዋናውን ባለታሪክ የአንበርብርን እግር እዩ። በምርኩዝ የሚሄድ ከሆነ ከውጭ ተመልሶ መንደሩ ገብቷል፣ በሁለት እግሩ ከሆነ ትዝታው ላይ ናችሁ።