የዱም ዴሞ ለምን ተዛነፈብኝ፣ እንዴትስ አስተካከልኩት

የ1993ቱ (እ.ኤ.አ.) የተኩስ ጨዋታ ዱም በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) እንዲስል ኢንጂኑን፣ ማለትም ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ አሻሽዬ እንደጨረስኩ አንድ የድሮ ዴሞ (የተቀዳ ጨዋታ) ከፈትኩ። ጅማሬው ልክ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ተጫዋቹ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ማንም በሌለበት መተኮስ ጀመረ።

የዱም ዴሞ ቪዲዮ አይደለም። የሚያስቀምጠው የተጫዋቹን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ በሰከንድ 35 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ምት 4 ባይት። የቀረውን ኢንጂኑ እንደ አዲስ ያሰላዋል። ስለዚህ አንዲት ስሌት ከተዛነፈች ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይበላሻል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፍሬሙን ነበር። እሱ ግን ንጹሕ ነው፤ የጨዋታውን ስሌት በ35 ላይ ትቼ በሁለት ምት መካከል ያለውን ቦታ የማሰላው ለመሳያ ብቻ ነው። ሁለት ቀን ለፋሁ። በመጨረሻ ከዋናውም ከእኔም ኮድ የተጫዋቹን ቦታና የራንደም (የዘፈቀደ) ቁጥሩን ጠቋሚ፣ ማለትም ቀጣዩ ቁጥር ከየት እንደሚወሰድ የሚያሳየውን፣ በየምቱ ፋይል ላይ አስጽፌ ጎን ለጎን አስተያየሁ። ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ታየ፦ ቦታው ያው፣ ጠቋሚው ግን በአንድ ቀድሟል። ያውም ሽጉጡ በተተኮሰበት ምት!

ጥፋቱ እኔ ለማሳመር የጨመርኩት ጭስ ነበር። ዱም ራንደም ቁጥር የሚያወጣው አስቀድሞ ከተጻፈ የ256 ቁጥሮች ሰንጠረዥ ነው። ቁጥሩን የሚያወጡት ፈንክሽኖች ሁለት ናቸው፦ ፒ ራንደም ለጨዋታው ስሌት ነው፤ ኤም ራንደም ደግሞ ውጤት ለማይለውጥ ነገር፣ ለምሳሌ ከስር ለሚታየው የተጫዋቹ ፊት። ጠቋሚያቸው ለየብቻ ነው። እኔ ለጭሱ የጠራሁት የመጀመሪያውን ነበር።

አንዲት ቃል ቀየርኩ። ዴሞው እስከ መውጫው ድረስ ሄደ።