ጤና ጣቢያ ሥራውን በትክክል እየሠራ መሆኑን እንዴት መገምገም ይቻላል?

ጤና ጣቢያ ሲገመገም ቶሎ የሚቀርበው ቁጥር «ይህን ያህል ሰው ታከመ» የሚለው ነው። እኔ ግን አንዴ መጥተው የቀሩትን መቁጠር ይበልጣል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያው ስንት ሰው እንደሚያገለግል ጠይቁ። በገጠር ኢትዮጵያ አንድ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚሆን ሕዝብ የታሰበ ነው። ይህን ሳታውቁ «400 እናቶች ወለዱ» ቢሏችሁ፣ ብዙ ይሁን ጥቂት መለየት አትችሉም።

ቀጥሎ የክትባት መዝገቡን አስወጡ። ሕፃናትን ከአምስት በሽታዎች የሚከላከለው የፔንታ ክትባት አንደኛው ዙር (ፔንታ አንድ) በ6 ሳምንት፣ ሦስተኛው (ፔንታ ሦስት) በ14 ሳምንት ዕድሜ ይሰጣል። አንደኛውን 200 ሕፃናት ወስደው ሦስተኛውን ያገኙት 160 ብቻ ከሆኑ፣ 20 በመቶው አቋርጠዋል ማለት ነው። ከ10 በመቶ ካለፈ ችግር አለ። ልብ በሉ፣ እነዚህ እናቶች ጤና ጣቢያውን ያውቁታል፣ መንገዱንም ሄደውበታል። ታዲያ ምን አስቀራቸው? ቀጠሮው በደንብ አልተነገራቸውም? «ክትባት የለም» ተብለው ተመለሱ? ወይስ ሰው ፊት ተቆጧቸው? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታቸውን ታውቀዋለች። አብራችኋት ሂዱና ከራሳቸው ስሙ።

መዝገቡን ከወርሃዊ ሪፖርቱ ጋርም አመሳክሩ። አንድ በአንድ ቁጠሩ። ልዩነቱ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ በዚያ ሪፖርት ደረጃ አትስጡ።

ከዚያ ወደ መድኃኒት ክፍሉ። የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ የተጻፈውና መደርደሪያው ላይ ያለው ይገናኛል? ፍሪጁንም ክፈቱ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም የሚከላከለው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። የሙቀት መመዝገቢያው ጠዋትና ማታ መሞላት አለበት። የቅዳሜና የእሁዱ ባዶ ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ማን እንደሚደርስ ጠይቁ።

ተገልጋዮችን ስታነጋግሩ ከግቢው ራቅ በሉ። «አገልግሎቱ ጥሩ ነበር?» ካላችሁ መልሱ «እግዜር ይስጣቸው» ነው። ይልቅ «ስንት ሰዓት ደርሰው ስንት ሰዓት ወጡ? የታዘዘልዎትን ሁሉ እዚሁ አገኙ?» በሉ። የጤና መድህን መዋጮውን ከፍሎ «ውጪ ግዛ» የተባለ አባወራ ያን ጊዜ ሁሉንም ይነግራችኋል። ይህ ቅሬታ በግምገማው ፊተኛ ገጽ ላይ መጻፍ አለበት።

ውጤቱን ለወረዳው ብቻ አትላኩት። በቀበሌው ስብሰባ ላይ ሠራተኞቹም ነዋሪዎቹም ባሉበት አንብቡት። ማን ምኑን እስከ መቼ እንደሚያስተካክል ይጻፍ። ከሦስት ወር በኋላም መዝገቡ እንደገና ይቆጠር።