ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ገብታችሁ አለት መውጣት ካማራችሁ፦ ሰውና ገደል እንዴት ይገኛል?

ለሥራ ተዛውራችሁ ደሴ ገብታችኋል እንበል። ቤት ተከራይታችኋል፤ ዕቃው ገና ከካርቶን አልወጣም። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ከተማዋን ግራና ቀኝ ይዘዋት ቆመዋል። ምድባችሁ ኮምቦልቻ ቢሆንም ያው ነው። ሐረጎ ላይ መኪናው ሲጠማዘዝ ዓይናችሁ ከመስኮቱ ውጭ ካለው ድንጋይ አይነሳም። ግን ማንን ይዛችሁ፣ የት ትሄዳላችሁ?

የኔ ምክር መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ገደል ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ጥሩ ገደል ያይና ያገኘውን ሰው ይዞ ይሄዳል። ደብረ ዳሞን በጠፍር የወጣ ሰው ነገሩ ይገባዋል። 15 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሕይወቱ ከላይ ገመዱን በያዘው ሰው እጅ ነበረች። ወሎ ውስጥ ባለ ገደል ላይም ሆነ ሌላ አገር፣ ገመድ ያዡ ያው ነው።

1. ሰው የሚገኝበት

በር ከፍታችሁ የምትገቡበት የአለት መውጫ አዳራሽ አገኛለሁ ብላችሁ አትምጡ። ስለዚህ ልምድ ያለውን ሰው ብቻ አትፈልጉ፤ ለዚህ ነገር የሚሆነውን ሰው ፈልጉ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ረጋ ያለ፣ ቀጠሮ የሚያከብር፣ ሲነግሩት የሚሰማ ሰው ገመድ መያዝን ይማራል። ችኩል ሰው ግን ዓመት ሙሉ ብታስተምሩት ችኩል ነው።

ማለዳ ተነሱና ሆጤ አካባቢ ብቅ በሉ። ስፖርት የሚሠራ አይጠፋም። ሰፈራችሁ ያለው ጂም፣ የእግር ጉዞ የሚያዘጋጁ ወጣቶች፣ የሰርከስና የጂምናስቲክ ልጆች ሁሉም ጥሩ መነሻ ናቸው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። የኮምቦልቻው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስለሆነ፣ እዚያ ያለ ተማሪ ስለ ክብደትና ስለ ገመድ ስታወሩት ቶሎ ይገባዋል።

ሰዎች የሚረሷቸው ሌሎች አሉ፤ የቴሌ ታወርና የኤሌክትሪክ መስመር ላይ የሚሠሩ ቴክኒሻኖች። ከፍታ አያስደነግጣቸውም። ቀበቶ ሳይፈትሹ አለመውጣት የዕለት ልማዳቸው ነው። እኔ ብመርጥ ጡንቻ ካለው ልጅ ይልቅ እንዲህ ያለውን ሰው እመርጣለሁ። ብቻ የሥራ ገመዳቸው ለዚህ እንደማይሆን አስረዷቸው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ከዚያ ቴሌግራም አለ። የከተማው ወጣቶች ባሉበት ግሩፕ ላይ «አለት የሚወጣ አለ?» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ሦስት ሰው ይስቃል፣ አንዱ ስቲከር ይልካል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ሰላም፣ በቅርቡ ወደ ደሴ ተዛውሬያለሁ። አለት መውጣት እወዳለሁ። ከላይ በታሰረ ገመድ እወጣለሁ፣ ለሌላ ሰውም እይዛለሁ። ገመዱን እየመሩ (ከላይ ሳይታሰር፣ ከታች ይዞ በየደረጃው ከአለቱ ጋር እያያያዙ) መውጣት ግን ገና አልቻልኩም። 60 ሜትር ገመድ፣ ሁለት ሃርነስ (ወገብና ጭን ላይ የሚታሰር ቀበቶ) እና ሁለት ሄልሜት አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ነፃ ነኝ። ፍላጎት ያለው ይጻፍልኝ፤ መጀመሪያ ቡና ጠጥተን እንተዋወቅ።»

የምትችሉትንም የማትችሉትንም ተናግራችኋል። ዕቃ እንዳላችሁ፣ መቼ እንደሚመቻችሁ ታውቋል። ልምድ ያለው ሰው ይህን ሲያነብ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ይገባዋል። ጀማሪውም አይሸማቀቅም።

2. ሰውየውን መፈተሽ

የመጀመሪያ ቀጠሮ ሰው በሚበዛበት ቡና ቤት ይሁን፤ ፒያሳ ይበቃል። ሴቶች ከሆናችሁ ደግሞ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ፤ የት እንደምትሄዱ ቤት ውስጥ ንገሩ። ሁለተኛው ቀጠሮ የእግር ጉዞ ይሁን። ገመድ አያስፈልግም። ወደ ጦሳ አቀበቱን አብራችሁ ውጡና ሰውየውን ተመልከቱ። በሰዓቱ መጣ? ውሃ ይዟል? ሲደክማችሁ ይጠብቃችኋል ወይስ ጥሏችሁ ይሄዳል? ደመና ሲመጣ «እንመለስ» ስትሉት ምን አለ?

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከቆላ የመጣ ሰው መጀመሪያ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ይህ የድክመት ምልክት አይደለም። ሊያሳስባችሁ የሚገባው «ሄልሜት የፈሪ ነው» የሚል ሰው ነው። ቋጠሮውን ላይልህ ሲሉት የሚቆጣም አለ። ገመድ ይዞ ስልክ የሚያነሳ ከሆነ ደግሞ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ይቅርባችሁ።

3. መሬት ላይ ልምምድ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከሁለታችሁ አንዱ ገመድ በሚገባ የተማረ መሆን አለበት። ሁለታችሁም ጀማሪ ከሆናችሁና የሚያስተምር ሰው ካላገኛችሁ፣ ገመዱ ከቦርሳ አይውጣ። ቪዲዮ አይቶ ገመድ መማር አይቻልም። ቪዲዮው ስትሳሳቱ አያስቆማችሁም።

እስከዚያው ዝቅ ያሉ ድንጋዮች ላይ ተለማመዱ። እግራችሁ ከቁመታችሁ በላይ አይውጣ። ታች ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ አንጥፉ። ጓደኛችሁ ከኋላ እጁን ዘርግቶ ይቁም፤ ሥራው ስትወድቁ አየር ላይ መቅለብ ሳይሆን በእግራችሁ እንድታርፉና ጭንቅላታችሁ ድንጋይ እንዳይመታ መምራት ነው። በዚህ ብቻ አንድ በጋ ሙሉ መደሰት ይቻላል።

የሚያውቅ ሰው ካለ ደግሞ ጠንካራ ባሕር ዛፍ ሥር ቁሙና ሁሉንም በመሬት ላይ ድገሙት። የስምንት ቁጥር ቋጠሮ፣ ገመዱን በመያዣው (ታች ያለው ሰው ገመዱን በሚቆጣጠርበት መሣሪያ) ውስጥ ማስገባት፣ ማላላት፣ መያዝ። ፍሬን የሆነው እጅ ገመዱን ለአፍታም አይለቅም። ይህ ሳያስቡት የሚደረግ ነገር እስኪሆን ድረስ ደጋግሙት።

ከዚያ ቃላት ተስማሙ። ከፍታ ላይ ነፋስ ድምፅ ይበላል፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር አይሰማም። «ያዝ»፣ «አላላ»፣ «አውርደኝ» ይበቃሉ። እየተመሳሰሉ የሚያምታቱ ቃላትን ከአሁኑ ጣሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ድንጋይ!» አለ። ጠጠር እንኳ ቢወድቅ በሙሉ ድምፅ ይጮሃል። ታች ያለው ሰው ሲሰማ ቀና ብሎ አያይም። ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ጭንቅላቱን ይደብቃል። ቀና ማለት የሁላችንም የመጀመሪያ ስሜት ስለሆነ ይህ ልምምድ ይፈልጋል።

ስለ ገመዱ ቃል በገባሁት መሠረት፦ ለአለት የሚሆነው ዳይናሚክ የሚባለው ነው። ሰው ሲወድቅበት ይለጠጥና የውድቀቱን ኃይል ይበላል፤ የቴክኒሻኖቹ የሥራ ገመድ ግን እንዲህ አይለጠጥም። ኮምቦልቻ የጭነት መኪና ከተማ ስለሆነች ናይለን ገመድ በየሱቁ አለ፤ ውፍረቱ አያታልላችሁ። ለዕቃ ማሰሪያ የተሠራ ነው። የማያውቁት ሰው የሸጠውን ያገለገለ ገመድም አትግዙ፤ ጸሐይ ላይ ስንት ዓመት እንደከረመ ከላይ አይታይም። ሌላው ደግሞ ርዝመቱ ነው። 60 ሜትር ገመድ ከላይ ዞሮ ሲመለስ የሚያወርዳችሁ 30 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የገመዱን ጫፍ ሁልጊዜ ቋጥሩት። ጫፉ ሳይታሰብ በመያዣው አልፎ ሰው የወደቀበት አደጋ በዓለም ዙሪያ ተደጋግሟል።

4. ገደሉን መምረጥ

የሳተላይት ካርታ ከፍታችሁ ጥቁርና ቀጥ ያለ ጥላ ያለበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ካርታውን ተዉትና እረኛና ድንጋይ ፈላጭ ጠይቁ። ድንጋይ ፈላጭ የትኛው አለት ድፍን እንደሆነ፣ የትኛው በመዶሻ ሳይነኩት እንደሚፈርስ ከማንም በላይ ያውቃል።

የአካባቢያችን ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ላቫ በላይ በላዩ እየፈሰሰ የቆለለው። ጥሩ ሲሆን በጣም ጥሩ ነው፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል፣ ላዩ ጫማ ይይዛል። ችግሩ በንብርብሮቹ መሃል ያለው የበሰበሰና አፈር የሆነ ክፍል ነው። ደሴ ዙሪያ መሬት ሲንሸራተት አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከርቀት የሚያምረውን ሁሉ አትመኑ።

ከሥሩ ቆማችሁ መጀመሪያ መሬቱን እዩ። አዲስ የተሰበረ፣ ሹል ጠርዝ ያለው፣ ሳር ያልወጣበት ድንጋይ ከተከመረ፣ ያ ገደል አሁንም እየጣለ ነው። ቀጥሎ አለቱን በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉት። ድፍን ድምፅ ካለው ጥሩ፤ ባዶ በርሜል እንደተመታ ካስተጋባ ግን ተውት። ውሃ የሚያንጠባጥብበትን መስመር ሽሹ። ቀና ብላችሁ ንብ ፈልጉ። ገመድ ላይ ተንጠልጥላችሁ ሳለ ገደል ውስጥ የሰፈረ ንብ ቢነሳባችሁ መሸሻ የለም። ከላይ ዝንጀሮ ወይም ፍየል ካለ ደግሞ እስኪያልፉ ጠብቁ፤ ድንጋይ ይንዳሉ።

መንገድ ተቆርጦ የወጣ ግድግዳ ላይ አትውጡ። ሐረጎ ላይ የምታዩት ያጓጓል፤ ግን ከእጃችሁ ያመለጠ ድንጋይ የሚያርፈው ሰው የጫነ ሚኒባስ ላይ ነው።

ወቅቱን በሚመለከት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ተዉት። ጥቅምት ሲገባ ጀምሩ፤ እስከ ጥር ድረስ ምርጡ ጊዜ ነው። በልግ ዝናብ ሲጥል ደግሞ አለቱ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ታገሡ። ደሴ ጠዋት ጉም ስላለ ጸሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ይሻላል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትልና ስለምትሞቅ ተቃራኒው ነው፤ በጠዋት ጀምሩና ድንጋዩ ሳይግል ጨርሱ።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ያሉ ኮረብቶች ላይ ውጊያ ነበር። ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል። የማታውቁትን ብረት አትንኩ፣ አሮጌ ምሽግ ውስጥ አትግቡ፣ ሰው የሚሄድበትን መንገድ አትልቀቁ። በሄዳችሁ ቁጥርም ስለ አካባቢው ጸጥታ እዚያው ያለውን ሰው ጠይቁ፤ «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካላችሁ ተመለሱ።

5. ባለቤቱን መጠየቅ

ገደል ባለቤት የሌለው ይመስላል። ከሥሩ ግን የሰው ማሳ፣ የሰው ግጦሽ፣ አንዳንዴም መቃብር አለ። ከመኪና ወርዳችሁ ቀጥታ ገመድ አትዘርጉ። ሰላምታውን በደንብ ስጡ። ስለ ጤና፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቁ። ከዚያ ነው «አባባ፣ እዚህ ገደል ላይ ብንወጣ ቅር ይልዎታል?» የሚባለው። ወሎ ነው፤ ብዙ ጊዜ መልሱ «አብሽሩ፣ ውጡ» ነው። ቀጥሎ ደግሞ «በዚያኛው ጎን ግን ድንጋዩ ይለቃል» ሊሏችሁ ይችላሉ። ይህችን ምክር የትኛውም ካርታ ላይ አታገኟትም።

ምን እንደምትሠሩ ማስረዳት ከከበዳችሁ ስልካችሁ ላይ የቶኪዮ ወይም የፓሪስ ኦሎምፒክን የግድግዳ መውጣት ውድድር አሳዩ። ስፖርቱ ወደ ኦሎምፒክ የገባው በቶኪዮ ነው። «ሀብት ፈላጊ ናቸው» ከሚል ጥርጣሬ ያድናችኋል። ቋሚ ቦታ ካደረጋችሁት ቀበሌውንና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱን አሳውቁ። ያለ ፈቃድ ድንጋይ አትብሱ። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከመካነ መቃብር ራቅ በሉ። እህል ያልታጨደ ከሆነ ዞራችሁ ሂዱ።

6. የመጀመሪያው ቀን

ቢያንስ ሦስት ሁኑ። አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይይዛል። ሦስተኛው ልጆቹን ይጠብቃል። ገመድ ከቦርሳ እንደወጣ የአካባቢው ልጆች ይሰበሰባሉ፤ የሚቆሙት ደግሞ በደንብ ለማየት ልክ ከሥሩ ነው። ከገደሉ ራቅ አድርጋችሁ መስመር አስምሩ። ከልጆቹ ተለቅ ያለውን «አንተ አለቃ ነህ፣ ማንም መስመሩን እንዳያልፍ» በሉት። ከእናንተ በላይ ይቆጣጠራል።

እያንዳንዱ ሰው ከመነሳቱ በፊት አንዱ የሌላውን ይይ፦ የሃርነሱ መቆለፊያ፣ ቋጠሮው፣ ገመዱ በመያዣው በትክክል መግባቱ፣ የካራቢነሩ (የብረት ማያያዣው) መቆለፉ፣ የገመዱ ጫፍ መቋጠሩ። በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ ነክታችሁ። አሥረኛ ጊዜም ቢሆን እንደዚሁ።

ለድንገተኛ ነገር፣ የምታውቁት ባለ ባጃጅ ስልክ ይኑራችሁ። አምቡላንስ እስኪደርስ ባጃጅ ቀድሞ ይደርሳል። ወገብ ወይም አንገት የተጎዳን ሰው ግን ባጃጅ ላይ አታጣጥፉ፤ ሳታንቀሳቅሱ እርዳታ ጥሩ። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ፣ የት እንደሆናችሁና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ቀድማችሁ ንገሩ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ዕቃ ሰብስቡ። ቁልቁለቱን በጨለማ መውረድ ከመውጣቱ የባሰ ነው።

7. እንዲዘልቅ

አንድ ሰው ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። እናንተ እንደተዛወራችሁ እሱም ይዛወራል፤ ተማሪ ከሆነም ይመረቃል። አራት አምስት ሰው እስክትሆኑ ፈልጉ። ጀማሪዎቹንም አስተምሩ። የወጣችሁበትን ገደል፣ የሚለቀውን ድንጋይና የተነጋገራችሁትን ባለማሳ በቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ቀጣዩ ሰው ከዜሮ አይጀምርም።

ቀኑን ደግሞ ቁርጥ አድርጉት። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ወሎ ውስጥ ሁሉም አብሮ የሚወጣበት ቡድን ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ነው የሚሻለው።