ሞተር ካጠፋችሁ በኋላ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ከየት እንደሚመጣ እንዲህ ለዩት

መኪናውን አቁማችሁ ቁልፉን ስታዞሩ ሞተሩ ዝም ይላል፣ ከዛ ከፊት አካባቢ ሽሽሽ የሚል ነገር ይቀጥላል። አንዳንዱ ሰው ደንግጦ በዛው ጋራዥ ይገባል፣ ሌላው ደግሞ ለወራት ችላ ይለዋል። ሁለቱም ጥሩ አይደለም ምክንያቱም ድምፁ አንዳንዴ ምንም የማይነካ ጤነኛ ነገር ነው፣ አንዳንዴ ግን ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) የሚያበላሽ ወይ ፍሬን የሚያከብድ ችግር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ እና ምን እንደሚሸት ልብ በሉ፣ መካኒኩም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይሄንኑ ነው።

ኤሲውን አስቀድማችሁ ከጥርጣሬ አውጡት። ኤሲ ሲሰራ ኮምፕሬሰሩ ጋዙን በአንድ በኩል በከፍተኛ ግፊት ነው የሚይዘው በሌላኛው በኩል ደግሞ ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ሞተሩ ሲጠፋ ጋዙ በጠባቧ ቀዳዳ እያለፈ ሁለቱ እስኪተካከሉ ድረስ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ፍስስ ይላል ከዛ ቀስ እያለ ይጠፋል። ለማረጋገጥ ከመቆማችሁ አምስት ደቂቃ በፊት ኤሲውን አጥፉትና እየነዳችሁ ድረሱ፣ ድምፁ ከቀረ እሱ ነው። አንድ ነገር ግን፣ በክረምት የመስታወት ጉም ማጥፊያውን ስታበሩ ኤሲው ራሱ አብሮ የሚነሳባቸው መኪኖች ስላሉ ኤሲ አልነካሁም ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ቅዝቃዜው ጥሩ ከሆነ ደግሞ ጋዝ ሙላ ለሚላችሁ ሰው ገንዘብ አታውጡ።

ድምፁ ከኮፈኑ ስር ከሆነና ጣፋጭ የሚመስል ሽታ ወይ ነጭ እንፋሎት ካለው ግን ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ) ነው፣ እዚህ ጋ ቀልድ የለም። ብዙ ሰው የሚገርመው ስነዳ ደህና ነበር ሲጠፋ ለምን ይጮሃል የሚለው ነው። ሞተር ሲጠፋ ዋተር ፓምፑም ይቆማል፣ ግን ብረቱ ውስጥ የተጠራቀመው ሙቀት ወደ ውሃው መግባቱን አያቆምም፣ ስለዚህ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ሙቀቱም ግፊቱም ከፍ ይላል፣ ደካማ ቦታ ካለ ያኔ ነው የሚያፈሰው፣ ጠብታው ትኩስ ብረት ላይ ሲያርፍ ነው ጭስስ የሚለው።

በተለይ አዲስ አበባ የምትነዱ የራዲያተር ክዳኑን አትናቁት። ከተማዋ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሞተር ደግሞ በደህና ጊዜውም የሚሰራው 90 እና ከዛ በላይ ላይ ነው። እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ የሚፈጥረው ግፊት ነው፣ ጎማው ከደረቀ ወይ ስፕሪንጉ ከላላ ውሃው ቶሎ ይፈላና በክዳኑ ስር ሽሽ እያለ ይወጣል። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ስትቀይሩ ያው ቁጥር ይሁን፣ ከፍ ያለ ቢገባ ያረጀ ቱቦ ሊፈነዳ ይችላል። እባካችሁ ሞተሩ ትኩስ እያለ ክዳኑን በጨርቅም ይዛችሁ ቢሆን አትክፈቱ፣ የፈላ ውሃ ፊት ላይ ነው የሚረጨው።

ጠዋት ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ከፍታችሁ በስልክ መብራት ቱቦዎቹ ከራዲያተሩ ጋ የሚገናኙበትን፣ ፋሼታዎቹን (ቱቦውን የሚያጠብቁትን የብረት ቀለበቶች)፣ የዋተር ፓምፑን ስር እዩ፣ የደረቀ ነጭ ወይ አረንጓዴ ቅርፊት ያለበት ቦታ ነው የሚያፈሰው። ፋሼታ ከላላ ማጥበቅ ነው፣ ቱቦው ከተሰነጠቀ መቀየር ነው፣ ምንም ካላያችሁ ጋራዥ ውስጥ በግፊት መሞከሪያ ያስሞክሩላችሁ። ከጥገና በኋላ የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙሉ ውስጡን ያዝገዋል፣ አየሩ እንዲወጣ ማሞቂያውን ከፍታችሁ ሞተሩን አስነሱት፣ በማግስቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መጠኑን እዩት።

የተቃጠለ ዘይት ከሸተተ የቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳይወጣ በመሃል የሚገባው ማሸጊያ) አፍስሶ ዘይቱ ጭስ ማውጫው ላይ እየነጠበ ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ አስቀይሩት እሳት ሊያመጣ ይችላል። ቤንዚን ከሸተተ ደግሞ ሞተሩን ጭራሽ አታስነሱት።

ድምፁ እግራችሁ ጋ፣ ከፍሬን ፔዳሉ ጀርባ ከሆነ ሰርቮው (በቫኪዩም፣ ማለትም አየር በመምጠጥ፣ የፍሬን ርግጫን የሚያቀለው ክፍል) አየር እያስገባ ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና ፔዳሉን ርገጡ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ርግጫዎች ለስላሳ መሆን አለባቸው፣ ገና ከመጀመሪያው ድንጋይ ከሆነ ቫኪዩሙ አልተያዘም ማለት ነው። መጀመሪያ ከሞተሩ ወደ ሰርቮ የሚሄደውን ቱቦ እና እሱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ እዩ፣ አውጥታችሁ በአፍ ስትነፉ በአንድ በኩል ማሳለፍ በሌላው መዝጋት አለባት፣ በሁለቱም ካሳለፈች ችግሩ እሷ ናት፣ ዋጋዋም ቀላል ነው። ቱቦውም ቫልቯም ደህና ከሆኑ የሰርቮው የውስጥ ጎማ ተቀዶ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ሰርቮው ሙሉ ለሙሉ ይቀየራል። ፍሬኑ ጭራሽ አይጠፋም ግን መኪናውን ለማቆም በሙሉ ጉልበት መርገጥ ይጠይቃል፣ እስኪሰራ ድረስ ከእንጦጦ ቁልቁለት ይዛችሁት አትውረዱ።